ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የዘገየ ደብዳቤ

አዋሽ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1997 ዓ.ም.

ፍሬ ወንድሜ፣

ሰላምታው ትንሽ ይቆየንና መጀመሪያ ጥያቄህን ልመልስ። «ደብዳቤው ውስጥ ምን ቢኖር ነው እንዲህ የምትነዘንዢኝ?» ብለሃል። አንተ ደግሞ ነገር ካልነገሩህ እንቅልፍ አይወስድህም። ልደብቅህ ነበር፤ ግን ደብዳቤው የተቀመጠው አንተው ቤት፣ አንተው ማሽን ውስጥ ነውና ማወቅ ይገባሃል።

ሹፌራችንን ጣሃን ታውቀዋለህ፤ ሎጊያ ሲያድር አንተ ጋ እየመጣ ኳስ የሚያወራህ፣ የአሪፋ ባል። በጥቅምት መጀመሪያ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ አዋሽ አርባ መግቢያ ላይ መኪናው አልቆም አለውና መንገድ ዳር ያለ ሻይ ቤት ውስጥ ገባ። ሁለት ሰው ሞተ። ጣሃ እጁ ተሰብሮ አሁን እዚህ አዋሽ ታስሯል። አለቃዬ ጋሽ ጥጋቡ ለፖሊስ የሰጠው ቃል «መኪናው ደህና ነበር፤ ሹፌሩ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ነድቶ ነው» የሚል ነው።

ውሸት ነው ፍሬ። አደጋው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ጣሃ ከሎጊያ ቅርንጫፋችን በኢሜይል «ፍሬኑ አይዝም፤ እዚሁ ቆሜ ላሠራው» ብሎ ልኮ ነበር። የእኛ ኢሜይል አማርኛው በእንግሊዝ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ጋሽ ጥጋቡ ደግሞ የእንግሊዝ ፊደል አይለይም። ለእሱ የሚመጣውን ሁሉ የማነብለት፣ መልሱንም የምጽፍለት እኔ ነኝ። አነበብኩለት። «ዕቃው ቀን አልፎበታል፤ ቀስ ብሎ ይምጣ፣ እዚህ እናየዋለን በይው» አለኝ። እኔም ጻፍኩ። በእነዚህ ጣቶቼ ጽፌ ላክሁለት። ከዚያ ወዲህ እንጀራ በእነሱ ቆርሼ መጉረስ ያስጠላኛል።

ከአደጋው በኋላ ጋሽ ጥጋቡ የጣሃ መልእክት የታተመበትን ወረቀት ፊቴ ቀደደና «ይሄ ነገር አልነበረም፤ ሰማሽ ልጄ?» አለኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ቅጂ እንዳለ አያውቅም። ዓርብ እለት ከቢሮ ሲወጣ ጠብቄ የጣሃን መልእክትና የእኛን መልስ፣ ከራሴም ሁለት መስመር ጨምሬ፣ አሪፋ ደሴ ከተማ ውስጥ ለያዘችለት ጠበቃ ላክሁት። የላክሁት በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ነው፤ ሌላ ከየት አመጣለሁ? የእኛ ኢሜይል ሁሉ በስልክ መስመር አንተ ቤት ያለው ማሽን ደርሶ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እንደሚያልፍ ስለማውቅ ነው አደራ ያልኩህ።

ቀጠሮው ህዳር 15 ነው። ደብዳቤው ሄዷል ወይስ አልሄደም? መልስህን ለአውቶቡስ ሹፌሩ ለፈንታ ስጠው። እንዳትደውል፤ ስልኩ ያለው ጋሽ ጥጋቡ ጠረጴዛ ላይ ነው። በኢሜይል ደግሞ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አንዲት ቃል እንዳትጽፍ።

እህትህ ራሄል


ሰመራ፣ ህዳር 4 ቀን 1997 ዓ.ም. ቅዳሜ

እትዬ ራሄል፣ ደህና ሰነበትሽ ወይ እንዳልልሽ ደህና አለመሰንበትሽን ነግረሽኛል።

በመጀመሪያ አይዞሽ። ደብዳቤሽ አልሄደም፤ ግን አልጠፋምም። እኔ አዲስ አበባ የምደውልለት ማሽን ከጥቅምት 24 ጀምሮ አያነሳም፤ ለምን ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። ስለዚህ አርባ አንድ ደብዳቤ ቤቴ ውስጥ ወረፋ ይዟል። የመምህራኑ አለ፣ ሎጊያ ያለው የከድሩ ሆቴል አለ፣ የእናንተም አለ። መስመሩ እንደተከፈተ ሁሉም ይሄዳል፤ ሠላሳ ቀን እንዲታገስ አዝዤዋለሁ። ማሽኔን እንደ ልጄ ነው የማውቃት።

መልሴ ለምን እንደዘገየ ባትጠይቂኝም እኔው ልናዘዝ። ሰሞኑን ፖስታውን የሚያመላልሰውን ፕሮግራም ልቀይር ስዘጋጅ ነበር። ሴንድሜይል የሚባለው አሮጌው ሰልችቶኛል፤ የቅንብር ፋይሉን ከፍተሽ ብታዪው ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። አዲሱ ፖስትፊክስ ይባላል፤ አብሮኝ የተማረ ልጅ በሲዲ ላከልኝ። ንጹሕ ነው፣ ሰው ያነበዋል። ነገ እተክለዋለሁ። መመሪያው ግን «አስቀድመህ የኮምፒውተርህን ሰዓት አስተካክል» ይላል፤ እዚህ ላይ ነው ሥራ ያለብኝ።

ባለፈው ለምን ማሽንህ በሀበሻ ዘመን ይቆጥራል ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ምን ላድርግ? መምህራኑ ኢሜይላቸውን አትመው መዝገብ ቤት ሲወስዱት ጸሐፊዋ «2004 ዓመተ ምሕረት ገና አልገባም፤ የወደፊት ደብዳቤ ፋይል አላደርግም» ብላ መለሰቻቸው። እኔም ማሽኑን 1997 ብዬ ሞላሁት። ህዳር ሦስተኛ ወር ስለሆነ ማርች አደረግሁት፤ በየወሩ መባቻ በእጄ አስተካክላለሁ። ጳጉሜን ስትመጣ ማሽኑን አምስቱንም ቀን አጠፋዋለሁ። አሮጌው ፕሮግራም በዚህ አንድ ቀን ተናግሮኝ አያውቅም። ነገ ግን ወደ ፈረንጁ ዘመን እመልሰዋለሁ።

እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

እትዬ፣ ከላይ አይዞሽ ያልኩትን ተይው።

ጠዋት ሰዓቱን 2004 ብዬ አስተካከልኩ። ከዚያ አሮጌውን ፕሮግራም ከማሰናበቴ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አስነሳሁት፤ የያዘውን ወረፋ አይቶ ለአዲሱ እንዲያስረክብ ብዬ ነው። ሳላስብ! አሮጌው አንድ ሕግ አለው። የተሰጠው ቀን ያለፈበትን ደብዳቤ ከነሙሉ ጽሑፉ ለላኪው ይመልሳል። ደብዳቤዎቹ ላይ 1997 ተጽፏል፤ ሰዓቱ 2004 ይላል። ሁሉም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ዘገዩ ማለት ነው። ዓይኔ እያየ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አርባ አንዱንም ለላኪዎቻቸው መለሳቸው።

የአንቺ ላኪ ደግሞ የመሥሪያ ቤትሽ ሳጥን ነው።

ልሰርዘው ስሮጥ ማሽኑን ከስልኩ የሚያገናኘው ሞደም ጮኸ። የእናንተ ማሽን ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ በራሱ እንደሚደውል ረስቼው። ገመዱን ነቀልኩት፤ ግን ወስዶት ነበር። አሁን ደብዳቤሽ አዋሽ፣ ቢሮሽ ውስጥ ነው። ሰኞ ቀድሞ የሚገባው ማነው? እባክሽ አንቺ ሁኚ። ፈንታን ዛሬ ማታውኑ እንዲነሳ ለመንኩት፤ ኢድ ነው፣ ተሳፋሪ የለም አለኝ። ይቅር በዪኝ የእናቴ ልጅ፣ ይቅር በዪኝ።

ፍሬምናጦስ


አዋሽ፣ ህዳር 7 ቀን 1997 ዓ.ም.

ፍሬ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሰኞ አመሻሽ ላይ ነው። እኔ ግን የሆነውን ጠዋት አይቼ ነበር።

«ቀድሞ የሚገባው ማነው» ብለህ ለጠየቅኸው፣ ሌላ ጊዜ እኔ ነኝ። በዚህ ሰኞ ግን ተቀድሜአለሁ፤ ጋሽ ጥጋቡ እሁድ እለት መጥቶ እንደነበር ዘበኛው ነገረኝ። እኔ በሌለሁበት የመጣ ደብዳቤ እንዳይቆይ ብዬ ማተሚያውን በራሱ እንዲያትም አድርጌው ነው የምሄደው፤ ብልጥ ነኝ ብዬ። ሰኞ ስገባ ማተሚያው ላይ አንድ ወረቀት የለም። ኮምፒውተሩ ግን ስድስት ደብዳቤ እንደታተመ ይናገራል። አራተኛው የእኔ ነው። ላዩ ላይ ረጅም እንግሊዝኛ፣ ከሥሩ የጣሃ መልእክት፣ የእኛ መልስ፣ ከዚያ «ራሄል ነኝ» የሚለው።

ማንበብ አይችልም ብለህ ልታጽናናኝ እንዳትሞክር። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጠርቶ ማስነበብ ያቅተዋል?

ከሁሉ ያስፈራኝ ደግሞ ደግነቱ ነው። አልተቆጣም። «እንዴት አደርሽ ልጄ» አለኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ቀና ብሎ አየኝና «ከስተሻል» አለኝ። ዛሬ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድምሽን ካየሽው ቆየሽ አይደል? ቅዳሜ መኪናችን ባዶውን ወደ ሎጊያ ይወርዳል፤ በእሱ ሂጂና ጥቂት ቀን አርፈሽ ነይ።» ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ዕረፍት ስጠይቀው «ማን ያነብልኛል» እያለ የሚከለክለኝ ሰው!

ቀኑን አንተው ቆጥረህ ድረስበት። ቀጠሮው ከቅዳሜ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። እኔ ከዚህ እንድጠፋ ነው የፈለገው፤ ወይም መንገድ ላይ። መጨረሻውን ልጽፈው አልችልም። የትኛው መኪና እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም።

ምን ላድርግ? ቶሎ መልስልኝ።

ራሄል


ሰመራ፣ ህዳር 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትዬ፣

መኪናው ላይ እንዳትወጪ። ታመምኩ በይ፣ ወገቤን በይ፣ የፈለግሽውን በይ፤ ብቻ እንዳትወጪ። የጠየቅሽኝ ይህንን ነው፤ መልሴም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልደብቅሽ ነበር፤ ግን አንቺም ስላልደበቅሽኝ ልናገር። ትናንት ሁለት ሰዎች የእናንተን ነጭ ፒክአፕ ይዘው ከሎጊያ መጡ። እኔ ቢሮ ነበርኩ። አከራዬን ወይዘሮ ንጋትወርቅን «ያ ፖስታ የሚያሳልፈው ልጅ ቤቱ ይሄ ነው? ኮምፒውተሩስ እዚሁ ነው?» ብለው ጠየቋት። ከነገ ወዲያ እንመለሳለን ብለው ሄዱ።

ስለዚህ ያደረግሁትን ስሚ። አሮጌው ዲስኬ በዚህ ቤት ያለፈውን ደብዳቤ ሁሉ ቅጂ ያስቀምጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ስኩራራበት ሰምተሽኛል። ጣሃ ከሎጊያ የላከውም፣ የእናንተም መልስ እዚያ ላይ ነበር። ማታውኑ ነቅዬ አጠፋሁት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ዳግም እንዳይነበብ ሦስት ጊዜ ላዩ ላይ ዜሮ ጻፍኩበት። ሰዎቹ ቢመጡ ምንም አያገኙም። አንቺን የሚነካ አንዲት ቃል በእኔ ቤት የለችም፤ ይህቺን እንኳ አስቢና እንቅልፍ ይውሰድሽ።

ደስ የሚልም ነገር አለ። የአዲስ አበባው ማሽን ረቡዕ ማንሳት ጀመረ፤ አዲሱ ፕሮግራምም ሳይንተፋተፍ እየሠራ ነው። የጣሃ መልእክት አንቺ ኮምፒውተር ላይ ስላለ የእኔ ቅጂ መጥፋት አይጎዳም። አመቺ ሰዓት ፈልገሽ እንደገና ላኪው። ማሽኑ ፊት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ እንደደረሰኝ በዚያችው ደቂቃ ለጠበቃው ይሄዳል። የላክሽበትንም ምልክት ከሳጥንሽ አጥፊ።

የእናቴ ልጅ፣ አደራ።

ፍሬምናጦስ


አዋሽ፣ ህዳር 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ፍሬ፣

ፈንታን መጠበቅ ስላቃተኝ ይህን ለጭነት መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። መልስህ ገና አልደረሰኝም።

ትናንት ጋሽ ጥጋቡ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሞ «ይሄ ማሽን ያለፈውን ሁሉ ይይዛል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ዋዛ ነው የጠየቀው። «ኧረ አይይዝም» አልኩት። ወጣ እንዳለ ሁሉንም ሰረዝኩት። የተመለሰውን፣ የላክሁትን፣ የጣሃን፣ የእኛን መልስ። ስሰርዝ እንኳ አላነበብኩትም። ከፍቶ ቢያየኝ ብዬ እንደ ሌባ ነበር ጣቴ የሚሮጠው።

ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት ምን እንዳደረግሁ ነው። የጣሃ ነጻነት ያለው እዚያች መልእክት ላይ ነበር። በገዛ እጄ፣ ራሴው አጠፋኋት። ጠዋት አሪፋን ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ምግብ ይዛ ቆማ አየኋት። «ወላሂ ራሄል፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለ?

የሎጊያው ማሽን የላከውን አያስቀምጥም፤ አሁን የቀረኝ አንተ ብቻ ነህ። አሮጌው ዲስክህ የሚያልፈውን ሁሉ ያስቀምጣል ብለኸኝ አልነበር? የጣሃን መልእክት እዚያ ፈልገህ አትምና በፈንታ እጅ ላክልኝ። ዲስኩን ከቤት አውጥተህ የሚታመን ሰው ጋ አስቀምጥ። ምንም ቢሆን እንዳታጠፋው።

ራሄል


ሰመራ፣ ህዳር 11 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትዬ ራሄል፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ። የእኔ ደርሶሽ ከሆነ ምን እንደምጽፍ ታውቂያለሽ።

ዲስኩን ዛሬም ስሞክረው ዋልኩ። ምንም የለውም። ሥራዬን አውቀዋለሁ፤ እኔ ያጠፋሁት ነገር አይመለስም። እንደዚህ በሙያዬ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሰዎቹ ማን እንደሆኑ ጠይቀሽ ይሆናል። ትናንት ተመልሰው መጡ። የሎጊያ ቅርንጫፋችሁ ሠራተኞች ናቸው፤ አንደኛው ለወንድሙ የላከው የሠርግ ጥሪ ተመልሶበት ነው። «ሰባት ዓመት ዘገየ ይላል፤ ሙሽራዋ እኮ የሃያ ዓመት ልጅ ናት!» ብሎ ጮኸብኝ። ለዚህ ነበር የመጡት። ለዚህ ብዬ ነው የጣሃን መዳኛ ያጠፋሁት። እየሳቅሁ ሸኘኋቸውና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ልመጣ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ፈራሚው አለቃ ወደ አሳይታ ሄዷል፣ ሐሙስ ይመለሳል አሉኝ። ከቀጠሮው በኋላ! ሳይፈቀድልኝ እንድመጣ ከፈለግሽ አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። መኪናው ላይ አልወጣሽም አይደል? አልወጣሁም የሚል ወረቀት እስኪደርሰኝ ምግብ አይወርድልኝም።

ፍሬምናጦስ


አዋሽ፣ ህዳር 16 ቀን 1997 ዓ.ም.

ፍሬ ወንድሜ፣

አልወጣሁም። ይቅርታ፣ አምስት ቀን ሙሉ ሳልመልስልህ ቀረሁ። ና ብዬም ያልላክሁብህ አንተም ይህን ጉድ እንዳታየው ብዬ ነው።

ቅዳሜ ወገቤን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ጋሽ ጥጋቡ ቤቴ ድረስ ብርቱካን ላከልኝ። ሳልበላው አደረ፤ እስከዚህ ነበር ፍርሃቴ።

ማክሰኞ፣ የቀጠሮው ዋዜማ፣ ቢሮ ጠራኝና በሩን ዘጋው። ከጠረጴዛው መሳቢያ የተደራረበ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሳየው አወቅሁት። «የእሁዱን ፖስታ መኪናዬ ውስጥ ረስቼው ሰነበተ» አለኝ፤ «የጎማው ዋጋ መጥቶ ይሆን ብዬ ነበር ከማተሚያው ያነሳሁት። ሁሉም ፈረንጅኛ ነው፤ አንቺ ከሌለሽ እኔ ዕውር ነኝ። ነይ ተቀመጪና አንብቢልኝ።»

አላነበበውም ፍሬ። ለማንም አላስነበበውም። ከእኔ ሌላ የሚያነብለት የለምና ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደታጠፈ ሰነበተ። ሻዩም፣ ዕረፍቱም፣ መኪናውም፣ ብርቱካኑም እውነት ነበሩ። ከስተሻል ያለኝ ከስቼ ነው። ያንን ሳውቅ ልቤ ይረጋጋል ብዬ ነበር፤ የባሰ ፈራሁ።

አነበብኩለት። የመጀመሪያው የጎማ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ከድንበር ከተማዋ ከገላፊ ስለ ጉምሩክ ወረቀት ነው። ሦስተኛውን ምን እንደነበረ አላስታውሰውም። አራተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ቀጥዪ» አለኝ። ዘልዬው አምስተኛውን ባነብለት ማን ያውቃል? ጭራሽ ከልቤ ፈጥሬ ባነብለትስ? ግን ጣሃ ነገ ዳኛ ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። ወረቀቱ ያለው እጄ ላይ ነው፤ ከእሱ ሌላ ደግሞ በዚህ ዓለም ቅጂ የለውም፣ አንተና እኔ አጥፍተነዋል። ስለዚህ አነበብኩት። ፍሬኑ አይዝም የሚለውን፣ ቀስ ብሎ ይምጣ የሚለውን፣ ከዚያም የራሴን፣ «አለቃዬ ይህን ሰምቶ መኪናውን አስነዳ፤ መልሱን የጻፍኩት እኔ ራሄል ነኝ» የሚለውን።

እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ «ልታሳስሪኝ ነው?» አለኝ።

«ጣሃን ላስፈታ ነው፣ ጋሼ» አልኩት። ጋሼ ማለቴን ልተወው አልቻልኩም።

እጁን ዘረጋ፤ «ወረቀቱን ስጪኝ።» አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩትና ተነሳሁ። በሩ ጋ ለመድረስ በእሱ አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልነካኝም። ከኋላዬ «ማን ያነብልኛል አሁን?» ሲል ሰማሁት። እንደ ሕፃን ነበር ድምፁ። ያቺን ሌሊት አሪፋ ባረፈችበት ቤት አደርኩ፤ ሁለታችንም ልብሳችንን ሳናወልቅ።

ረቡዕ ፍርድ ቤት ዳኛው ጠበቃው ያቀረበላቸውን ወረቀት አገላብጠው አዩት። ጸሐፊው ሁለት መስመር ሞክሮ ተንተባተበ። ዳኛው «የጻፈችው ታንብበው» አሉ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ፊት እንደገና አነበብኩት። ጋሽ ጥጋቡ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሲሰማ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለካ በቃሉ ይዞታል። ጣሃ በተሰበረ እጁ ፊቱን ሸፈነ። ዳኛው «መልሱን ሲጽፉ ሰው ሊሞት እንደሚችል አላሰቡም?» ብለው ጠየቁኝ። «አስቤ ነበር፤ እንጀራዬን ፈራሁ» አልኳቸው። ጻፉት።

ጣሃ በዋስ ተፈታ። ጋሽ ጥጋቡን ለጥያቄ አስቀርተውታል። እኔን ቃሌን አስፈርመው ስንፈልግሽ እንጠራሻለን አሉኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠበቃውም አልነገረኝም። ቢሮው ተዘግቷል። የጋሽ ጥጋቡ ሚስት ገበያ ላይ አይታኝ መንገድ ቀየረች። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ከአልጋዬ እዘላለሁ፣ ዛሬም ድረስ።

ነገ በፈንታ አውቶቡስ እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ለማንም አልሰጠውም፤ ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ። ያንን ወረቀት ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፣ ሦስተኛ ጊዜ በአፌ ልነግርህ አልችልም። በሩን ስትከፍትልኝ ምን ሆነሽ ነው እንዳትለኝ። ደብዳቤውን ተቀበለኝና ውኃ ስጠኝ፤ እኔ ውኃዬን እየጠጣሁ አንተ አንብብ።

እህትህ ራሄል